ሮቶው ሌሊት እየጎደለ ላስቸገራችሁ

ደብረ ብርሃን ነው የምንኖረው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶ እንሞላለን። ማታ ሞልቶ ያደረ ሮቶ ጠዋት ግማሽ ሆኖ እናገኘው ጀመር። የወሩ ሂሳብም አሻቀበ። ግቢው ግን ደረቅ ነው፤ የሚንጠባጠብ ነገር የለም።

መጀመሪያ የማድ ቤቱን ቧንቧ ላስቲክ ቀየርን፣ መገጣጠሚያዎቹን በቴፍሎን ጠቀለልን። ለውጥ የለም። ቀጥሎ ሮቶው ሞልቶ እየፈሰሰ ይሆን ብለን ተንሳፋፊውን ኳስ ፈተሽን። ደህና ነው። መሬት ለመቆፈር ሁሉ አስበን ነበር።

የሠራው ይሄ ነው። ማታ ከሮቶው ወደ ቤት የሚወርደውን ቧንቧ ዘጋን። ጠዋት ውሃው አልጎደለም። ስለዚህ ችግሩ ቤት ውስጥ ነው ማለት ነው። በማግስቱ ያንን ከፍተን የሽንት ቤቱን መስመር ብቻ ዘጋን፤ አሁንም አልጎደለም። ከዚያ መስመሩን ከፍተን የሽንት ቤቱ ውሃ መልቀቂያ ገንዳ ውስጥ የተቀቀለ ቀይ ሥር ውሃ ጨመርንበት። ማንም ሳይለቀው ሩብ ሰዓት ያህል ቆየን፤ መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ቀላ። ከገንዳው ሥር ቀዳዳውን የሚዘጋው ላስቲክ ደርቆ ኖሯል። ድምፅ እንኳ አልነበረውም!

በደቂቃ 1 ሊትር ብቻ ቢያፈስ በቀን 1,440 ሊትር ነው፤ ከአንድ ሜትር ኩብ በላይ። ፍጆታ ሲጨምር የሜትር ኩቡ ዋጋም ስለሚያድግ ሂሳቡ ከሚፈሰው ውሃ ፈጥኖ ይወጣል።

ላስቲኩን ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ መጠኑ ይለያያል።