የሁለት ዓመት ልጅ የማትጥለው የገና ዛፍ

ዛፋችን ከድሬዳዋው ታይዋን ገበያ የተገዛ ፕላስቲክ ነው፤ ሦስት ቀጫጭን እግር አለው። ልጄ የታችኛውን ቅርንጫፍ ይዛ ሳብ ካደረገችው ከነመብራቱ ዘጭ ይላል።

መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ አወጣነው። የጠረጴዛ ልብሱን ጎተተች። ቀጥሎ በወንበር አጠርነው፤ ወንበሩን መሰላል አደረገችው። ከዚያ እግሩን ባልዲ ውስጥ ከትተን የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ሞላንበት። ይሄ ይሻል ነበር፣ ታቹ ንቅንቅ አላለም። ግን ዛፉ ተገጣጣሚ ስለሆነ መሃሉ ተነቀለና የላይኛው ግማሽ ወረደ። አሸዋው ደግሞ ለቡና የተጎዘጎዘው ቄጠማ ውስጥ ሳይቀር ገባ። እሱን ማጽዳት ሌላ ጣጣ ነው።

መላው ሲባጎ ሆነ። ዛፉን መስኮቱ አጠገብ ጥግ ላይ አቆምነው። ግንዱን ከመገጣጠሚያው በላይ ጠምጥመን፣ ግራና ቀኝ ወጥረን ከመስኮቱ ብረት ጋር አሰርነው። በአንድ በኩል ብቻ ከታሰረ ይዞራል። ቋጠሮው ልጅ ከማይደርስበት ይሁን፤ ትርፉ ሲባጎ ተቆርጦ ይጣል፣ ተንጠልጥሎ አንገት ላይ እንዳይጠመጠም።

ጌጡንም አዛወርን። መብራቱና ተሰባሪው ኳስ ወደ ላይ፣ የካርቶን ኮከብና የጨርቅ ኳስ ወደ ታች። እነሱን ስትነቅል ትውላለች፣ ማታ እንመልሳለን። የሚዘፍነውን ጌጥ ግን ጨርሶ አወጣሁት። ውስጡ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ክብ ባትሪ አለች፤ ልጅ ከዋጣትና ጉሮሮ ላይ ከቀረች በ2 ሰዓት ውስጥ ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች።

ታኅሣሥ 29 አለፈ፣ ዛፉ እንደቆመ ነው። እስከ ጥምቀት አንነካውም።