ዲዩቲ ሳይጀመር የሚወሰን እንቅልፍ፦ ጅማ ለሚሠሩ ኢንተርኖችና ሬዚደንቶች

ጠዋት 12 ሰዓት የተነሳ ኢንተርን (በሥራ ላይ የሚሰለጥን ጀማሪ ሐኪም) ማታ 5 ሰዓት ላይ 17 ሰዓት ሙሉ ነቅቷል። በዚያ ሰዓት ትኩረቱና የእጁ ፍጥነት ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይስተካከላል፤ 24 ሰዓት ሲሞላው ወደ 0.10 በመቶ ይጠጋል። ይባስ ብሎ የደከመ ሰው ምን ያህል እንደደከመ ራሱ አያውቀውም። «ሲደክመኝ ጋደም እላለሁ» ያለ ሰው ሳይጋደም ይነጋል። ስለዚህ ማን መቼ እንደሚተኛና የትኛው ሥራ ለብቻ እንደማይሠራ ዲዩቲው (የተረኝነት ሥራው) ሲጀመር፣ አእምሮ ንቁ እያለ፣ ተነጋግራችሁ ወስኑ።

በዋዜማው ሌሊት ቢያንስ 7 ሰዓት ተኙ። ዲዩቲው የማታ ብቻ ከሆነ ከሰዓት በኋላ 90 ደቂቃ ጨምሩበት። እራት ቀለል ያለ ይሁን፤ ውሃ አትርሱ።

ቡና ባገሩ ነውና ጅማ ላይ አቦል ፍለጋ ሩቅ አያስኬድም። ግን ሰዓት አለው። ካፌይን ለመሥራት ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፣ ከጠጣችሁት ግማሹ ከ5 ሰዓት በኋላም ደም ውስጥ አለ። ጥሩው ዘዴ አንድ ስኒ ጠጥቶ ወዲያው 20 ደቂቃ መተኛት ነው፤ ስትነቁ ቡናው ሥራውን ይጀምራል። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ቤት ገብታችሁ ለመተኛት ካሰባችሁ የመጨረሻዋ ስኒ ከሌሊቱ 10 ሰዓት አትለፍ። ሌሊቱን በጫት መግፋትን ግን አጥብቀን እንቃወማለን። ምርቃናው የንቃት ስሜት ይሰጣል፣ የጠፋውን እንቅልፍ ግን አይተካም። የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ የነገውን እንቅልፍ ይነሳል፣ ከዚያም ዱካኩ ይመጣል።

ሁለት ሆናችሁ ከገባችሁ ለምሳሌ አንዱ ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ 8፡30፣ ሌላው ከ8፡30 እስከ 10 ይተኛ። የምትተኙት 20 ደቂቃ ወይም 90 ደቂቃ ቢሆን ይመረጣል። በመካከል፣ በከባድ እንቅልፍ ላይ የተቀሰቀሰ ሰው ለ15 እስከ 30 ደቂቃ ያህል ይደናዘዛል፤ በዚያ ሁኔታ በስልክ መድኃኒት ማዘዝ አደጋ ነው። ፊታችሁን ታጠቡ፣ መብራት ያለበት ቦታ ቁሙ፣ የሚነገራችሁን ቁጥር መልሳችሁ ጥሩ። የምትተኙ ሰዓት የዲዩቲ ስልኩን ለጓደኛችሁ በእጁ ስጡት። ስልኩ ትራስ ስር ከሆነ አልተኛችሁም።

ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ሰውነት በተፈጥሮው የሚወርድበት ጊዜ ነው። ሊቆይ የሚችል ሥራ ወደዚያ አትግፉ፤ አስጊ የሆኑትን ታካሚዎች 8 ሰዓት ላይ ዞራችሁ እዩ። ማንኛውም የመድኃኒት ስሌት በዚህ ሰዓት የሁለት ሰው ሥራ ይሁን።

ማዋለጃ ክፍል ያለውን ማግኒዚየም ሰልፌት፣ ከእርግዝና የደም ግፊት ጋር የሚመጣን መንቀጥቀጥ የሚከላከለውን መድኃኒት፣ ለምሳሌ ውሰዱ። አምፑሉ ላይ 50 በመቶ ይላል፤ በደም ሥር የሚሰጠው መነሻ ዶዝ ግን 4 ግራም፣ በ20 በመቶ ነው። ከ50 በመቶው 8 ሚሊ ሊትር ይቀዳል፣ 12 ሚሊ ሊትር ለመርፌ የተዘጋጀ ከጀርም የጸዳ ውሃ ይጨመርበታል፣ 20 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ከ5 ደቂቃ ባላነሰ ጊዜ ቀስ ተብሎ ይሰጣል። በጡንቻ የሚሰጠው በየመቀመጫው 5 ግራም ደግሞ 50 በመቶው እንዳለ ነው። በድካም የሚምታታው ይህ ነው፤ አንዱ መድኃኒት፣ ሁለት ጥንካሬ፣ ሁለት መንገድ። መከላከያው ቀላል ነው፦ አምፑሉን በእጃችሁ ይዛችሁ በመቶውን ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ ስሌቱን ጻፉት፣ ሚድዋይፏ የእናንተን መልስ ሳታይ ለብቻዋ ታስላ። መልሱ ካልገጠመ ሁለታችሁም እንደገና ከአንድ ጀምሩ። «ሲስተር፣ እኔ ልክ ነኝ» የሚባልበት ሰዓት አይደለም። ተከታዩ ዶዝ ከመሰጠቱ በፊት የጉልበት ሪፍሌክስ መኖሩን፣ ትንፋሹ በደቂቃ ቢያንስ 16 መሆኑን፣ ሽንቱ ባለፉት 4 ሰዓታት በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር መሆኑን እዩ፤ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔትም ከአጠገባችሁ ይኑር።

መርፌ ከወጋችሁ ቦታውን በውሃና በሳሙና ታጥባችሁ ያንኑ ሌሊት አሳውቁ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በቶሎ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። «ጠዋት አስታውሳለሁ» ብሎ ማለፍ ራሱ የድካም ምልክት ነው።

የዲዩቲ ፕሮግራም ለምታወጡ ሲኒየሮች፦ ረጅም ሰዓት ታካሚንም ይጎዳል። አሜሪካ ውስጥ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ጥናት እንዳሳየው፣ 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ኢንተርኖች አጭር ፈረቃ ላይ ካሉት በ36 በመቶ የበለጠ ከባድ ስህተት ሠርተዋል። ሰዓቱን መቁረጥ ብቻውን ግን አይበቃም። እዚያው አገር በ2011 የመጀመሪያ ዓመት ሰልጣኞች ፈረቃ በ16 ሰዓት ተገድቦ፣ በ2017 ወደ 24 ተመልሷል፤ አንዱ መከራከሪያ ታካሚው በእጅ ለእጅ ርክክብ ይጠፋል የሚል ነበር። ርክክቡን ማጥበቅ ደግሞ በእጃችሁ ነው። በአልጋው አጠገብ ወይም በወረቀት፣ በዚህ ቅደም ተከተል፦ ምን ያህል አስጊ ነው፣ ታሪኩ በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ምን ይቀራል፣ ምን ቢፈጠር ምን ይደረግ፣ በመጨረሻም ተቀባዩ በራሱ ቃል መልሶ ይንገር። «አልጋ 7፣ ደህና ነች» አይበቃም። «አልጋ 7፣ አስጊ፤ ሽንቷ በ2 ሰዓት ከ60 ሚሊ ሊትር ካነሰ ደውል» ይባል።

ስትወጡ አትንዱ፤ ሞተርም ሆነ መኪና ትታችሁ በባጃጅ ሂዱ፣ ማስረከቡን ከጨረሳችሁ በኋላም «አንድ ነገር ብቻ» ብላችሁ አትቆዩ። ቤት ስትደርሱ መስኮቱን በጨለማ መጋረጃ ዝጉ። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ስለሚቀሰቅስ የጆሮ መድፈኛ ወይም ጥጥ ያዙ። ቀን 2 ወይም 3 ሰዓት ተኝታችሁ ተነሱ፣ ብርሃን እዩ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ እንደገና ተኙ። ቀኑን ሙሉ የተኛ ሰው ሌሊቱን አፍጥጦ ያድርና በማግስቱ ዲዩቲ ባልነበረበት ቀን ደክሞ ይገባል።