በለሷ ለምለም ናት፣ ፍሬዋስ?

መጀመሪያ እንግባባ። ትግራይ ወይም ኤርትራ ላደገ ሰው በለስ ማለት ከእሾሃሙ ቁልቋል ላይ የሚለቀመው ነው። እኔ የማወራው ስለ ሌላዋ፣ የሾላና የዋርካ የሥጋ ዘመድ ስለሆነችው ባለ ሰፊ ቅጠሏ ዛፍ ነው። ሜሪላንድ ጓሮዬ ውስጥ አንዲት አለችኝ፣ ብራውን ተርኪ የሚባለው ዝርያ። ከታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኛውን እሷ ላይ ነው የሠራሁት።

ቅጠል በቅጠል፣ ፍሬ የለም

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ዛፏ ጣሪያ ልትነካ ደረሰች። ጎረቤት ያደንቃል፣ ፍሬ ግን አንድም የለም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ለሣሩ የገዛሁትን ማዳበሪያ «ለእሷም ይድረሳት» ብዬ ግንዷ ሥር በተንኩት። የሣር ማዳበሪያ ናይትሮጂን ይበዛዋል፤ ናይትሮጂን ሲበዛ ደግሞ ዛፏ ቅጠል ማውጣቱን ይዛ ማፍራቱን ትረሳለች። መፍትሄው እጅን መሰብሰብ ነው። መሬት ላይ የተተከለች በለስ በጸደይ ስስ ብስባሽ ከለበሰች ይበቃታል። ጁን ላይ አዲሱ ቀንበጥ አምስት ስድስት ቅጠል ሲያወጣ ጫፉን በጣት ቀንጥሱት፤ ሽቅብ መሮጡን ትቶ ፍሬ መያዝ ይጀምራል። በቀን ለስድስት፣ ለስምንት ሰዓታት ያህል ፀሐይ ካላገኘች ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ልፋት ነው።

ፍሬ አለ፣ አይበስልም

የብዙዎቻችን ራስ ምታት ይሄ ነው። ኦክቶበር ገብቷል፣ ዛፏ ላይ ሰባ ሰማንያ ፍሬ ተንጠልጥሏል፣ ሁሉም እንጭጭ፣ ሁሉም እንደ ጠጠር። ሰው ውሃና ማዳበሪያ ይጨምራል፤ ምክንያቱ ግን ያለፈው ዊንተር ነው። ብርዱ ቅርንጫፎቿን እስከ መሬት ከገደላቸው ሜይ ላይ ከሥር እንደገና ትጀምራለች፤ ዘግይቶ የበቀለ ዘግይቶ ያፈራል፣ ቅዝቃዜው ይቀድመዋል። በነገራችን ላይ ፍሬው መሃል ላይ ለሳምንታት ሳያድግ ዝም ብሎ ይቀመጥና በመጨረሻዎቹ ቀናት ድንገት ያብጣል። ስለዚህ ኦገስት ላይ «ቆመ» ብላችሁ አትደንግጡ።

ዋናው ሥራ ኖቬምበር ላይ ነው። ቅጠሏ ሲረግፍ ቅርንጫፎቹን ሰብስባችሁ በገመድ እሰሩ፣ በጆንያ ወይም በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልሉ፣ ሥሯን በደረቅ ቅጠል ወፈር አድርጋችሁ አልብሱ። በላስቲክ ብቻ አትጠቅልሉ፤ ቀን ፀሐይ ሲያገኘው ውስጡ ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ከብርዱ የባሰ ይጎዳታል። በጸደይ ደግሞ መቀስ ለማንሳት አትቸኩሉ። ቅርፊቱን በጥፍር ፋቅ አድርጉት፤ አረንጓዴ ከታየ ነፍስ አለው፣ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ሞቷል። እኔ አንድ ማርች ላይ «ደርቃለች» ብዬ ግማሿን ቆረጥኳት፤ በሕይወት እንዳለች የገባኝ ነጩ ወተቷ ከቁስሉ ሲንጠባጠብ ነው። አዲስ የምትተክሉ ቺካጎ ሃርዲ የሚባለውን ዝርያ ሞክሩ፤ ላዩ ቢሞት እንኳ ከሥር የበቀለው በዚያው ዓመት ያፈራል። ወደ ደቡብ የዞረ ግድግዳ ሥር ከሆነ ደግሞ ይመረጣል።

አውራ ጣት አክሎ ይረግፋል

አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ነው፣ በተለይ ባልዲ ውስጥ የተተከለች ከሆነች። አንድ ሳምንት ትረሳለች፣ በሚቀጥለው ትጥለቀለቃለች። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ፤ ደረቅ ከሆነ አጠጡ። ውሃው ልክ ሆኖ በየዓመቱ ሁሉም ከረገፈ ዝርያውን ተጠራጠሩ። ስሚርና የሚባለው ዓይነት የአበባ ብናኝ የምታመጣለት አንዲት ኢምንት የተርብ ዝርያ ከሌለች አያፈራም። ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1880ዎቹ አስመጥተው የተከሉት ገበሬዎች ፍሬው እየረገፈ ሲያበሳጫቸው ኖሮ፣ የተሳካላቸው ተርቧ በ1899 ከገባች በኋላ ነው። እኛ ጋ ተርቧ የለችም። ንቀሉና ሌላ ትከሉ።

የቀረው ጥቃቅን

የቅጠሉ ጀርባ ዝገት የመሰለ ዱቄት ካወጣ ዋግ ነው፤ የረገፈውን ቅጠል ለቅማችሁ ጣሉ፣ ከላይ ሳይሆን ከሥር አጠጡ። ቅጠሉ ቢጫ ዥጉርጉር ከሆነ ቫይረስ ሊሆን ይችላል። መድኃኒት የለውም፣ ብዙዎቹ ዛፎች ግን ችለውት ያፈራሉ፤ ብቻ ከእሷ ቆርጣችሁ ለጓደኛ አትስጡ።

ፍሬው ተሰንጥቆ ከኮመጠጠ፣ ሊበስል ሲል ዝናብ አግኝቶታል። ዝናብ ይመጣል ከተባለ የለሰለሰውን ቀድማችሁ ልቀሙ። ጥሬውን ግን አትንኩ፤ እንደ ሙዝ ቤት ውስጥ አይበስልም። ስትለቅሙ እጅጌ ያለው ልብስ ልበሱ፤ ወተቱ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል። አንገቱ ዘንበል፣ ገላው ልስልስ ብሎ፣ ከታች በዓይኑ (በትንሿ ቀዳዳ) በኩል የማር ጠብታ ብቅ ካለ ደርሷል። ያቺን ጠብታ ወፎቹም ያውቋታል፤ ጠዋት ቡና ሳይፈላ ውጡ።