የድሮ ቴብል ሶው፦ ከመግዛት እስከ ማደስ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

አሜሪካ ውስጥ ጋራዥ ኖሮት እንጨት መሥራት ለሚወድ ሰው የድሮ ቴብል ሶው፣ ማለትም ክብ ምላጩ ከጠረጴዛ መሃል ብቅ የሚል የእንጨት መጋዝ፣ ማግኘት አይቸግርም። ቤት ሲሸጥ ወይም ልጆች የአባታቸውን ዕቃ ሲያወጡ በፈረንጆቹ 1960ዎቹና 70ዎቹ የተሠራ መጋዝ ከአቧራ ሥር ብቅ ይላል። በብዛት የሚገኘው ሲርስ የተባለው የመደብር ድርጅት ይሸጠው የነበረው ክራፍትስማን ነው። የሞዴል ቁጥሩ በ113 የሚጀምር ከሆነ የሠራው ኤመርሰን ኤሌክትሪክ ነው። ከዚያ ከፍ ያለ የሚፈልግ ደግሞ ዴልታ በ1939 ያወጣውን ዩኒሶው ያድናል። ወደ 200 ኪሎ የሚመዝን፣ ሞተሩ በብረት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ማሽን ነው።

የነዚህ መጋዞች ትልቁ ሀብት ጊዛው፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰው ወፍራም ብረት ነው። ከባድ ስለሆነ ሲሠራ አይንቀጠቀጥም፣ በቀላሉም አይጣመምም። ዛሬ እንዲህ ያለ ብረት ያለው አዲስ መጋዝ ልግዛ ብትሉ ኪስ ይጎዳል። ስለዚህ ጊዛው ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ፣ ኩሽኔታው፣ ቺንጋውና ማብሪያው ሁሉ ቢበላሽ እንኳ መግዛቱ ያዋጣል ባይ ነኝ። ጊዛው ከተሰነጠቀ ግን በነጻም ቢሰጧችሁ ተዉት።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ከዚህ በታች ያለውን ማንኛውንም ሥራ ስትጀምሩ ሶኬቱ ከግድግዳው መነቀሉን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ማጥፊያውን መጫን ብቻውን አይበቃም።

ሻጩ ጋር ሆናችሁ የምታዩት

ጠረጴዛው ዝጎ ቡናማ ሆኗል። ይህ አያስፈራችሁ። እንዲያውም ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማችኋል። ምክንያቱ እርጥበት ነው፣ ዝገቱም ብዙ ጊዜ ከላይ ብቻ ነው። ቤት ስትደርሱ በምላጭ መፋቂያ በአግድሙ ፋቁት። ዘይት ረጭታችሁ ባለ 220፣ ቀጥሎ ባለ 400 ብርጭቆ ወረቀት አስኪዱበት። ከጠረጋችሁ በኋላ ወዲያው ሰም ቀቡት፤ ባዶ ጊዛ እርጥበት ባለበት ጋራዥ ውስጥ ቶሎ ይዝጋል። ሰሙ ሲሊኮን የሌለበት ይሁን። ሲሊኮን እንጨቱ ላይ ከቀረ ቫርኒሹ አልይዝ ብሎ ያስቸግራችኋል።

የጠረጴዛው ሥር ስንጥቅ አለ። ባትሪ አብሩና ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ምላጩንና ዘንጉን የሚሸከሙት የግማሽ ክብ ቅርጽ ያላቸው ሁለቱ ጊዛዎች፣ ባለሙያዎቹ ትራኒየን የሚሏቸው፣ ፊትና ኋላ ተንጠልጥለዋል። ስንጥቅ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እዚያ፣ ብሎን በሚገባበት አካባቢ ነው። ቀለም ሸፍኖት እንደሆነ በጣታችሁ ዳብሱት። ጊዛ መበየድ ይቻላል፣ ግን በሙቀት ስለሚጣመም ትክክለኛ ልኬት ለሚፈልግ ቦታ አላምነውም።

ዋጋው ለማመን ይከብዳል። እንዲህ ሲሆን የሞተሩን ሰሌዳ አንብቡ። ፌዝ በሚለው ፊት 3 ከተጻፈ ከፋብሪካ ወይም ከትምህርት ቤት የወጣ የሶስት ፌዝ ሞተር ነው። የመኖሪያ ቤት መብራት በቀጥታ አያስነሳውም። ያ ማለት ግን አትግዙት ማለት አይደለም። ቪኤፍዲ የሚባለው መቆጣጠሪያ ከአንድ ፌዝ ሶስት ፌዝ ያወጣል። የሱን ዋጋ ከመጋዙ ዋጋ ጋር ደምሩና ወስኑ።

ምላጩ ሲነካ ይወዛወዛል። ምላጩን ይዛችሁ ወደ ጎን ግፉትና ሳቡት። ቀጭ ቀጭ ካለ የዘንጉ ኩሽኔታ አልቋል። ጣጣ የለውም፣ ይቀየራል። ኩሽኔታው ጎን ላይ ያለው ቁጥር በየትኛውም አገር አንድ ነው። ለምሳሌ 6203 ከሆነ ውስጡ 17፣ ውጩ 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱም ጎኑ በጎማ የተዘጋውን ግዙ፣ ሰጋቱራ አያስገባም።

ስትጭኑት ደግሞ ሞተሩ ከኋላ የተንጠለጠለ ዓይነት ከሆነ ሞተሩን ፍቱት። መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ ያንን ደህና ጊዛ የሚሰብረው እሱ ነው።

ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ግን አይዞርም

ብዙ ሰው እዚህ ላይ "ተቃጥሏል" ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። አብዛኛውን ጊዜ አልተቃጠለም። ቺንጋውን አውጡና የሞተሩን ዘንግ በእጃችሁ አዙሩት። ከከበደ ኩሽኔታው ደርቋል፣ ቀይሩት። በቀላሉ ከዞረ ደግሞ ጥፋቱ ከሁለት አንዱ ጋ ነው፦ ማስነሻ ካፓሲተሩ (ለማስነሳት የሚረዳ ኃይል አጠራቅሞ የሚለቀው ዕቃ) ወይም ሞተሩ ውስጥ ያለው ማስነሻ ስዊች።

ስዊቹን ቀድማችሁ እዩ፣ ምክንያቱም ወጪ የለውም። ሞተሩ ሲቆም ሁለት ትንንሽ የብረት ነጥቦች ተነካክተው ለማስነሻው ጥቅል መብራት ይሰጣሉ። ፍጥነት ሲያገኝ ይላቀቃሉ። አንድ ወዳጄ "የሞተ ሞተር" ተብሎ በርካሽ የገዛውን መጋዝ የኋላ ክዳን አብረን ከፍተን ነበር። ውስጡ በደቃቅ ሰጋቱራ ተሞልቷል። ነጥቦቹ መሃል ከጥፍር የሳሳች የእንጨት ፍንጣሪ ተሰንቅራለች። ፍንጣሪዋን በፒንሴት አወጣን፣ ነጥቦቹን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጠረግን፣ አቧራውን በአየር ነፋነው። ሞተሩ ዛሬም ይሠራል።

ስዊቹ ንጹህ ከሆነ ወደ ካፓሲተሩ እለፉ። ሶኬቱ ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ ኃይል ሊይዝ ስለሚችል በሬዚስተር አራግፉት። ያበጠ፣ ዘይት ያፈሰሰ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም። አዲሱ ማይክሮፋራዱ ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን፣ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ።

ጨርሶ ድምፅ የማያሰማ ከሆነ ግን ሞተሩን ከመክፈታችሁ በፊት ጎኑ ላይ ያለችውን ቀይ ቁልፍ ጫኑ። ሲሞቅ ራሱን የሚያጠፋበት መከላከያ ነው። ከዚያ ማብሪያውንና ገመዱን ፈትሹ። የድሮ ገመድ ጎማው ከተሰነጣጠቀ ሳትከራከሩ ቀይሩት።

ሲነሳ ብሬከሩ ይጥላል ወይም መብራቱ ይደበዝዛል

መጋዙ ላይ አይደለም ጥፋቱ፣ መስመሩ ላይ ነው። አንድ ተኩል ፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በ115 ቮልት 15 አምፔር ወይም ከዚያ በላይ ይስባል። በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ስትሰጡት ቮልቱ ይወርድና ሞተሩ ይግላል። ለብቻው ባለ 20 አምፔር መስመር ስጡት። ማራዘሚያ የግድ ከሆነ ባለ 12 ጌጅ፣ አጭር ይሁን። ብዙዎቹ የድሮ ሞተሮች በ230 ቮልትም እንዲሠሩ ሰሌዳቸው ላይ የገመድ ሥዕል አላቸው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርታችሁ ወደ 230 ብታዞሩት የሚስበው አምፔር በግማሽ ይቀንሳል።

ሲሠራ ይንቀጠቀጣል

ቺንጋውን አውጥታችሁ ሞተሩን ብቻውን አስነሱት። አሁንም ከተንቀጠቀጠ የሞተሩ ኩሽኔታ ወይም ፑሌጃው ነው። ጸጥ ካለ ጥፋተኛው ቺንጋው ነው ማለት ይቻላል። ለዓመታት በአንድ ቦታ ተወጥሮ የቆየ ቺንጋ ቅርጹን ይይዛል፣ በዞረ ቁጥርም ያችን ጉብታ ይመታል። ከትንንሽ ቁርጥራጮች ተያይዞ የሚሠራው ዓይነት ቺንጋ ለዚህ ፈውስ ነው። ቀጥ ያለ ማስመሪያ ሁለቱ ፑሌጃዎች ላይ አስደግፋችሁም በአንድ መስመር መሆናቸውን እዩ።

እንጨቱ ይቃጠላል፣ መጋዙም ይታነቃል

የድሮ መጋዝ ዋናው በሽታ ይህ ነው። ለጤናም የሚያሰጋው ይህ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ።

መጀመሪያ ምላጩን እዩ። ጥርሶቹ ላይ ጥቁር ሙጫ ከተጋገረ በማጽጃ እጠቡት፣ ከደነዘ አስስሉት። የእንጨቱ ሁለቱም ጎን እኩል ከተቃጠለ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚህ ያበቃል። ካላበቃ ምላጩ ጠረጴዛው ላይ ከተቆፈረው ቦይ ጋር ትይዩ አይደለም ማለት ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። ምላጩን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጉት። አንድ ጥርስ መርጣችሁ በማርከር ቀቡት። ያንን ጥርስ ወደ ፊት አምጡት። ማስመሪያው የሚንሸራተት ስኳድራ (ማዕዘን መለኪያ) ያዙ፤ ራሱን ቦዩ ጠርዝ ላይ አስደግፉ፣ ማስመሪያው ጥርሱን ልክ እስኪነካ አስጠጉና አጥብቁት። አሁን ምላጩን በእጃችሁ አዙራችሁ ያንኑ ጥርስ ወደ ኋላ ውሰዱት፣ ስኳድራውንም ወደዚያው አንሸራትቱት። እንደ ፊቱ ልክ ከነካ ደህና ነው። ክፍተት ካለ የፕሪንተር ወረቀት አስገቡበት። የወረቀቱ ውፍረት 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ወረቀቱ እንደልቡ ካለፈ መስተካከል አለበት። ጥርሱ ማስመሪያውን ከገፋው ደግሞ ልዩነቱ በተቃራኒው ነው፣ ያም ይስተካከላል። ያንኑ ጥርስ የምንጠቀመው ምላጩ ራሱ ትንሽ ቢጣመም እንኳ ልኬቱን እንዳያሳስተን ነው።

ማስተካከያው እንደ መጋዙ ዓይነት ይለያያል። እንደ ክራፍትስማን ባሉት ትራኒየኖቹ የተያዙት ከጠረጴዛው ጋር ነው። የኋላ ብሎኖቹን በደንብ አላሏቸው፣ የፊቶቹን ደግሞ በጣም በትንሹ። የኋላውን ትራኒየን በእንጨት አስደግፋችሁ በመዶሻ ቀስ ብላችሁ ንኩት። እንደ ዩኒሶው ባሉት ግን ሆዱ አይነካም፤ ጠረጴዛውን ከሳጥኑ ጋር የያዙትን ብሎኖች አላልታችሁ ጠረጴዛውን ራሱን ታዞራላችሁ። ብሎን ሲጠብቅ ልኬቱ ይሸሻል። ስለዚህ አጥብቃችሁ እንደገና ለኩ፣ እስኪረጋ ድረስ።

ቀጥሎ ፌንሱ፣ ማለትም እንጨቱ ተደግፎት የሚሄደው መሪ ብረት። እሱም ከቦዩ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ከሳተ እንኳ የኋላው ጫፍ ከምላጩ በወረቀት ውፍረት ይራቅ እንጂ በፍጹም አይጥበብ። የኋላው ከጠበበ እንጨቱ በፌንሱና በምላጩ መሃል ይቆነጠጣል። የኋላው የምላጩ ጥርስ ወደ ላይ ስለሚወጣ እንጨቱን አንስቶ ወደ ሠራተኛው ይወረውረዋል። ዘንጉ በደቂቃ 3450 ዙር ሲዞር የ10 ኢንች ምላጭ ጥርስ በሰዓት 165 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። የሚወረወረው እንጨት ስንት ጉልበት እንዳለው አስቡት።

እዚህ ላይ አደራ አለኝ። የድሮ መጋዞች እንጨቱ ከተሰነጠቀ በኋላ እንዳይገጥም ከምላጩ ኋላ የሚቆመው ከፋይ ብረት ወይ ጠፍቶባቸዋል ወይ ተነቅሎ ተጥሏል። ሳትተኩት አንድ ጣውላ እንኳ አትሰንጥቁ። ምላጩ መውጫ ዙሪያ ያለውን ሳህን ከጠንካራ እንጨት ወይም ከወፍራም ኮምፔንሳቶ ሥሩ። ምላጩ በሚያልፍበት ስንጥቅ መስመር ላይ፣ ከምላጩ ኋላ፣ ውፍረቱ ከምላጩ ቁርጥ የማይበልጥ ቀጭን ብረት ወይም እንጨት አቁሙበት። መግፊያ እንጨት ሁልጊዜ አጠገባችሁ ይሁን። ጣት ሲነካው ምላጩን የሚያቆመው እንደ ሶስቶፕ ያለው ዘዴ በድሮ መጋዝ ላይ አይገጠምም፣ ስለዚህ ያላችሁ መከላከያ ይኸው ነው።

እጀታው አይዞርም፣ ዳዶውም አይፈታም

ማንሻና ማጋደያ እጀታዎቹ የሚከብዱት የድሮ ግራሶ ከሰጋቱራ ጋር ተለውሶ ስለደረቀ ነው። በነጭ ጋዝና በነሐስ ብሩሽ የእጀታዎቹን ጊር ጥርሶች አጽዱ። መልሳችሁ ግራሶ አትቀቡ፣ ያው ነገር ይደገማል። ሰም ወይም ደረቅ ማለስለሻ ይበቃል። የምላጩ ዳዶ አልፈታ ካለ ደግሞ አቅጣጫውን እዩ። የሚፈታው ምላጩ በሚዞርበት አቅጣጫ፣ ወደ እናንተ ነው። ቀለሙን ለማደስ ካሰባችሁ ከ1978 በፊት የተቀባ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አትፋቁት።

አሜሪካ ደህና የነበረው መጋዝ አዲስ አበባ ሲደርስ ይግላል፣ ጉልበትም ያጣል

ዕቃ ወደ አገር ቤት የሚልክ ሰው ይህን ይወቅ። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ጊዜ የሚመላለስ) ነው፣ የኢትዮጵያ 220 ቮልት 50 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይለውጣል፣ ኸርዙን አይነካም። 3450 ይዞር የነበረው ሞተር ወደ 2875 ይወርዳል፣ የበለጠም ይሞቃል። በ230 ቮልት አሰርታችሁ በቀጥታ ብትሰኩትም ያው ነው። ለአጭር ሥራ ይችል ይሆናል፣ ቀኑን ሙሉ ግን አይሆንለትም።

ንጹሁ መፍትሄ የአሜሪካውን ሞተር ትቶ እዚያው ባለ 50 ኸርዝ ሞተር መግዛት ነው። የምላጩ ፍጥነት እንዳይቀንስ የሞተሩን ፑሌጃ በ20 በመቶ ያህል አተልቁት። የአሜሪካው ፑሌጃ ብዙ ጊዜ ለ5/8 ኢንች ዘንግ የተበሳ ነው፣ የሜትሪኩ ሞተር ዘንግ ግን 19 ወይም 24 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ቶርኖ ቤት መሄድ አይቀርም። ምላጩም እንደዚያው ነው። የአሜሪካው ቀዳዳ 5/8 ኢንች፣ ማለትም 16 ሚሊ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው፤ በአውሮፓ ልክ የተሠራው ምላጭ ብዙ ጊዜ 30 ሚሊ ሜትር ነው። በደንብ የተሠራ የቀለበት ማጥበቢያ ካልተገኘ ሰፊ ቀዳዳ ያለው ምላጭ በግምት አታስሩ። መጋዙን ስትልኩ ባለ 5/8 ምላጮችን አብራችሁ ብትጭኑ ይሻላል።