ገመድ አልባ የቤት ስልክን ከነመልእክት መቀበያው እንዴት ማዘጋጀትና መጠቀም እንደሚቻል

ሞባይል በየሰው እጅ ቢገባም የቤት ስልክ ፈጽሞ አልቀረም። በተለይ አረጋውያን ባሉበት ቤትና በአነስተኛ ቢሮ ውስጥ ገመድ አልባው ስልክ ዛሬም ያገለግላል፤ ሰው በማይኖርበት ሰዓት የደዋዩን ድምፅ ቀድቶ የሚያስቀምጥ መልእክት መቀበያ ካለው ደግሞ ጥቅሙ ይበልጥ ከፍ ይላል። ሆኖም ብዙ ቤት ውስጥ ይህ መቀበያ ከካርቶኑ ከወጣ ጀምሮ አንድም መልእክት ሳይቀበል ይኖራል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የዕቃው ብልሽት ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን በችኮላ የታለፉ ጥቂት ነገሮች ናቸው።

ካርቶኑ ሲከፈት ከግድግዳ መስመር ጋር የሚገናኘው መቀመጫ ወይም ቤዝ፣ በእጅ የሚያዘው መነጋገሪያ፣ አዳፕተር፣ አጭር የስልክ ገመድና ባትሪዎች ይገኛሉ። ምንም ነገር ሶኬት ላይ ከመሰካትዎ በፊት አዳፕተሩ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ያንብቡ። «100–240» የሚል ከሆነ የትም አገር ይሠራል። «120» ብቻ የሚል ከሆነ ግን የተሠራው እንደ አሜሪካ ላለ አገር ስለሆነ በኢትዮጵያው 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። እኔ ይህን የተማርኩት ከባሕር ማዶ በዘመድ ሻንጣ የመጣልኝን ስልክ ሳላነብ ሰክቼ፣ አዳፕተሩ በደቂቃዎች ውስጥ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሲሸት ነው። እንዲህ ሲሆን ስልኩን መጣል አያስፈልግም፤ በ220 ቮልት ላይ የሚሰካ፣ የሚያወጣው ቮልት ከቀድሞው ጋር እኩል የሆነ፣ አምፔሩ ከቀድሞው የማያንስ፣ የፖዘቲቭና የኔጋቲቩ አቀማመጥ ተመሳሳይ የሆነ አዳፕተር መተካት ይበቃል።

ከውጭ በሚመጣ ስልክ ላይ ሌላም መታየት ያለበት ነገር አለ። ዴክት የሚባለው የገመድ አልባ ስልክ ደረጃ በአውሮፓ ከ1880 እስከ 1900 ሜጋኸርዝ ባለው ሞገድ ሲሠራ፣ «ዴክት 6.0» የሚል ጽሑፍ ያለበት የአሜሪካው ደግሞ ከ1920 እስከ 1930 ሜጋኸርዝ ይጠቀማል። ይህ ሁለተኛው ከአሜሪካ ውጭ ባሉ ብዙ አገሮች ለሞባይል የተመደበ ስለሆነ የሞባይል ኔትወርክን ሊረብሽ ይችላል። ስለዚህ ዘመድ «ስልክ ላምጣልህ?» ሲል በአውሮፓው ሞገድ የሚሠራውን መጠየቅ ይሻላል።

ቤዙን የሚያስቀምጡበት ቦታ የድምፁን ጥራት ይወስናል። ሞገዱ ሜዳ ላይ እስከ 300 ሜትር ሊደርስ ቢችልም ቤት ውስጥ 50 ሜትር ያህል ከሄደ ጥሩ ነው፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳና ቆርቆሮ ደግሞ ከዚህም ያሳጥሩታል። በመሆኑም ከቤቱ መካከል ገደማ፣ ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ፣ ከቴሌቪዥንና ከማይክሮዌቭ ፈንጠር አድርገው ያስቀምጡት። ከዚያም አዳፕተሩን፣ ቀጥሎም የስልኩን ገመድ ቀጭ የሚል ድምፅ እስኪሰማ ድረስ ይሰኩ። በዚያው የስልክ መስመር ኢንተርኔት የሚመጣ ከሆነ በስልኩና በግድግዳው መካከል ስፕሊተር፣ ማለትም የስልኩንና የኢንተርኔቱን ሞገድ የሚለይ ትንሽ ዕቃ፣ መግባት አለበት፤ አለዚያ ሲነጋገሩ ሹክታ ይሰማል፣ ኢንተርኔቱም ስልክ በተነሳ ቁጥር ሊቆራረጥ ይችላል። መስመሩ ፋይበር ከሆነ ግን ገመዱ የሚሰካው ግድግዳ ላይ ሳይሆን በሞደሙ ጀርባ ባለው የስልክ ቀዳዳ ነው።

ባትሪ ላይ የሚፈጸመው ስሕተት አንድ ዓይነት ነው። መነጋገሪያው የሚሠራው ደጋግመው ቻርጅ በሚደረጉ፣ አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዳቸው 1.2 ቮልት በሆኑ ባትሪዎች ነው። እነዚህ ሲደክሙ ከሱቅ ተራ የባትሪ ድንጋይ ገዝቶ መተካት አደገኛ ነው፤ ተራው ድንጋይ እንዲሞላ ስላልተሠራ ቤዙ ላይ ሲቀመጥ ይግላል፣ ይፈስሳል፣ አንዳንዴም ይፈነዳል። አዲሶቹን ባትሪዎች ከከተቱ በኋላ መነጋገሪያውን ቤዙ ላይ አስቀምጠው ሳይነኩት ያሳድሩት፤ ብዙ ስልኮች ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 16 ሰዓት መሞላት ይፈልጋሉ። ሲነጋ የመደወያ ቁልፉን ተጭነው ያልተቋረጠ «ቱ…» የሚል ድምፅ ከሰሙ መስመሩ ደርሷል ማለት ነው።

ቀንና ሰዓቱን ሳይሞሉ አይለፉ፤ መቀበያው መልእክቱን ሲያሰማ የተደወለበትን ዕለትና ሰዓት አብሮ ይናገራልና። ችግሩ ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ መሆኑ ነው፦ ከቀኑ 9 ሰዓት የተደወለውን «3 ፒኤም» ይላል። በፈረንጅ ሰዓት የማይጠቀሙ ወላጆች ላሉበት ቤት ቀላል ዘዴ አለ፤ ሰዓቱን በ6 ሰዓት ወደኋላ መልሶ መሙላት ነው። እንዲህ ሲደረግ ከጠዋቱ 1 ሰዓት «1 ኤኤም»፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት «2 ፒኤም» ይሆናል፤ ኤኤም ቀን፣ ፒኤም ሌሊት ማለት ነው፤ ዕለቱም እንደኛ ልማድ ጎሕ ሲቀድ ይቀየራል። የደዋይ ቁጥር የሚያሳይ አገልግሎት ባለበት መስመር ላይ ግን ጥሪ በመጣ ቁጥር ሰዓቱ ራሱን ሊያስተካክል ስለሚችል፣ ይህን የሚያጠፋ ምርጫ ሜኑው ውስጥ ይፈልጉ።

አሁን ወደ መቀበያው እንምጣ። በቅድሚያ ማብሪያ ቁልፉን ተጭነው መብራቱ መብራቱን ያረጋግጡ፤ ቀጥሎ ስልኩ ስንት ጊዜ ከጮኸ፣ ማለትም ከስንት ጥሪ በኋላ፣ እንዲያነሳ እንደሚፈልጉ ይምረጡ። ብዙውን ጊዜ 4 ጥሪ ይበቃል፤ እናትዎ ከመኝታ ተነስተው እስኪደርሱ ጊዜ የሚወስድባቸው ከሆነ ግን 6 ወይም 7 ያድርጉት፤ አለዚያ ስልኩ ጋ ሲደርሱ ማሽኑ ቀድሟቸው ያናግራል። «ቶል ሴቨር» የሚል ምርጫ ካለ ደግሞ አዲስ መልእክት ሲኖር ቶሎ፣ ለምሳሌ በ2ኛው ጥሪ፣ ከሌለ ዘግይቶ ያነሳል፤ ከውጭ ሆነው መልእክትዎን ለመስማት ሲደውሉ 3ኛው ጥሪ ካለፈ ምንም እንደሌለ አውቀው ሳይከፍሉ መዝጋት ይችላሉ።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የመቀበያው ንግግር ነው፤ የእኛ ሰው ማሽን ሲያነሳው አብዛኛውን ጊዜ ይዘጋልና። ፋብሪካው የቀዳው የእንግሊዝኛ ድምፅ ከሆነ ደግሞ «የተሳሳተ ቁጥር ነው» ብሎ ዳግመኛ ላይደውል ይችላል። ስለዚህ በራስዎ ድምፅ፣ በአማርኛ ይቅዱት። ፈጽሞ «ሃሎ» ብለው አይጀምሩ፤ ደዋዩ ሰው ያነሳ መስሎት «ሃሎ፣ እንዴት ዋልክ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው?» እያለ መቀጃው ሳይጀምር ሰላምታውን ይጨርሳል፤ ከዚያ ድምፁ ሲጮህበት ደንግጦ ይዘጋል። ማሽን መሆኑ ከመጀመሪያው ቃል ይታወቅ፦

«ይህ መልእክት መቀበያ ነው። አሁን ስልኩን ማንሳት አልቻልንም። እባክዎ ከድምፁ በኋላ በመጀመሪያ ስምዎንና ጉዳይዎን፣ ቀጥሎም ስልክ ቁጥርዎን ቀስ ብለው ይናገሩ፤ መልሰን እንደውላለን።»

ቤተሰቡ ከከተማ መውጣቱን ወይም የሚመለስበትን ቀን አይግለጹ፤ የሚደውለው ሁሉ ወዳጅ አይደለም። ጉዳዩ ከቁጥሩ እንዲቀድም የጠየቅነውም ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ማሽኖች ለአንድ መልእክት ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ብቻ ይሰጣሉ፤ የቤተዘመዱን ሁሉ ደህንነት በየስሙ እየጠራ የሚጠይቅ ሰው ዋናው ነገር ላይ ሳይደርስ ይቋረጥበታል። ምርጫው ካለ የመልእክቱን ርዝመት የመጨረሻው ላይ ያድርጉት።

አዲስ መልእክት ሲኖር መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል ወይም ቁጥር ይታያል፤ የማጫወቻ ቁልፉን ሲጫኑ በቅደም ተከተል ያሰማዎታል። የሰሙትን ያጥፉ፤ ማኅደሩ ከሞላ ማሽኑ አዲስ መልእክት አይቀበልም። ከውጭ ሆነው ለመስማት ወደ ቤትዎ ይደውሉና ንግግሩ ሲጀምር የሚስጥር ቁጥሩን ያስገቡ። ይህ ቁጥር ከፋብሪካ ሲወጣ እንደ 0000 ያለ ማንም የሚገምተው ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን ይቀይሩት። አዘጋጅተው እንደጨረሱ ከሞባይልዎ ደውለው አንድ መልእክት ይተዉ፤ ድምፅዎ ራቅ ያለ ወይም የታፈነ ከመሰለዎት ንግግሩን ከማይክሮፎኑ አንድ ስንዝር ያህል ርቀው እንደገና ይቅዱት።

መብራት ሲጠፋ ቤዙም መቀበያውም አብረው ይጠፋሉ፤ መነጋገሪያው ባትሪ ቢኖረው እንኳ ብቻውን አይደውልም። የቆየው ባለገመድ ስልክ ግን በመዳብ መስመሩ ከሚመጣው 48 ቮልት ገደማ ኃይል ስለሚያገኝ በጨለማም ይሠራል፤ ስለዚህ አሮጌውን ስልክ ሳይጥሉ በሌላ ክፍል ሰክተው ይተዉት። መብራት ሲመለስ የተቀዱት መልእክቶች በአብዛኞቹ ስልኮች እንዳሉ ይቆያሉ፤ ሰዓቱ ግን ወደ ዜሮ ሊመለስ ስለሚችል እንደገና መሙላት ያስፈልጋል።