ፎክስግሎቭ በራሱ ዘር አልተካ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ፎክስግሎቭ (ዲጂታሊስ) በአብዛኛው የሁለት ዓመት ተክል ነው። በመጀመሪያው ዓመት መሬት ላይ የተነጠፈ ቅጠል ብቻ ያወጣል፤ በሁለተኛው አገዳ ሰድዶ ያብባል፣ ዘሩን አራግፎም ይደርቃል። ከቅጠሉ እስከ ዘሩ መርዛማ ስለሆነ ጓንት ያድርጉ፤ ያላበበው ቅጠል ከሚበሉ ቅጠላ ቅጠሎች ጋር ስለሚምታታ ከጓሮ አትክልት መደብ ያርቁት።

አበባው አለፈ፣ ቡቃያ ግን የለም

አንዱ ምክንያት አገዳው አበባው እንደረገፈ መቆረጡ ነው። ሌላው ጉዝጓዝ ነው፦ ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ሲሆን ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል፤ ቅጠል ወይም ኮምፖስት ከተጫነው አይወጣም።

ሁለት ሦስት አገዳ ሳይቆርጡ ይተዉ። ዘሩ የሚበስለው ከታች ወደ ላይ ነው፤ የታችኞቹ የዘር ከረጢቶች ቡናማ ሆነው ጫፋቸው ሲሰነጠቅ አገዳውን ጎንበስ አድርገው ያራግፉ። የላይኞቹን መጠበቅ አያስፈልግም፤ እስከዚያ የታችኛው ዘር ያልቃል። ጉዝጓዙን ገለል አድርገው አፈሩን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይጫሩ፣ ዘሩን ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅለው ይበትኑ፣ በመዳፍ ይጫኑት እንጂ አፈር አያልብሱት። ውሃውን በደቃቁ ይርጩ። አፈሩ ሳይደርቅ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት ከ2 እስከ 3 ሳምንት ውስጥ ይበቅላል።

በቀለ፣ ግን ጠፋ

ብዙውን ጊዜ ከአረም ጋር ተነቅሎ ነው። ሞላላ፣ ለስላሳ ጸጉር ያለው፣ በገጹ ላይ ያሉት የደም ሥር መሰል መስመሮች ወደ ውስጥ የሰረጎዱ ቅጠል ካዩ አይንቀሉ። ዘር ባረፈበት ቦታ በመኮትኮቻ ፈንታ በእጅ ያርሙ።

ቅጠሉ ተንዠረገገ፣ አበባ የለም

የመጀመሪያ ዓመቱ ከሆነ መታገሥ ነው። ዕድሜው ደርሶ ካላበበ፣ ተጨናንቆ ቀጭጯል ወይም የሚያስፈልገውን የቅዝቃዜ ወቅት አላገኘም። ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር እያራራቁ ያሳሱት፤ የተነሳው ችግኝ አገዳ ሳያወጣ ከነአፈሩ ከተዛወረ ይጸድቃል። ቅዝቃዜ በሌለበት አካባቢ በተዘሩበት ዓመት የሚያብቡትን እንደ ‹ፎክሲ› ያሉ ዝርያዎች መምረጥ ይሻላል።

አንድ ዓመት ያብባል፣ አንድ ዓመት ይዘላል

ተክሎቹ ሁሉ እኩያ ናቸው ማለት ነው። በሁለት ተከታታይ ዓመታት ዘር ይበትኑ፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ትውልድ ቅጠል ሲሆን ሌላው ያብባል።

ነጩ ሐምራዊ ሆነ

ንቦች ከሐምራዊው ጋር አዳቅለውታል፤ ሐምራዊው ቀለም ደግሞ አሸናፊ ነው። ነጩን ብቻ ከፈለጉ የቅጠሉን አንገት ይመልከቱ፦ ቀላ ያለውን ችግኝ በጊዜ ይንቀሉ፣ አረንጓዴውን ያስቀሩ። ምልክቱ አልፎ አልፎ ስለሚያሳስት፣ ያመለጠውን የመጀመሪያው አበባ እንደፈነዳ ያስወግዱት። ዲጂፕሌክሲስ የሚባለው ዲቃላ ግን በአብዛኛው መካን ነውና ዘር አይጠብቁበት።

መሃሉ በሰበሰ

ውሃ ያቆረ አፈር ነው። መደቡን ከፍ ያድርጉ፣ ኮምፖስት ቀላቅለው አፈሩን ያላሉ፣ ውሃውን ከሥሩ እንጂ ከቅጠሉ መሃል አያፍስሱ።

ከልክ በላይ በዛ

የዘር ከረጢቶቹ አረንጓዴ ሳሉ አገዳውን ይቁረጡ፤ ለዘር የሚሆን አንድ ያስቀሩ።