የቤት ዋጋን በስንጥር ማስተማር

አንድ የ1ኛ ወይም የ2ኛ ክፍል ተማሪ 34ን «ሠላሳ አራት» ብሎ ስላነበበ ብቻ የቤት ዋጋ፣ ማለትም አንድ አኃዝ በቁጥሩ ውስጥ እንደ ቦታው የሚኖረው ዋጋ፣ ገብቶታል ማለት አይቻልም። በቁጥሩ ውስጥ ያለው 3 ስንትን እንደሚወክል ሲጠየቅ «ሠላሳ» በማለት ፈንታ «ሦስት» ብሎ የሚመልስ ከሆነ፣ ትምህርቱ በእጅ ከሚዳሰስ ነገር መጀመር አለበት።

ለዚህም ስንጥርና ላስቲክ ይበቃሉ። ለየቡድኑ 34 ስንጥር ይታደልና ልጆቹ ራሳቸው አሥር አሥሩን ቆጥረው ያስራሉ፤ መምህሩ አስቀድሞ አስሮ ቢያቀርብ ጊዜ ይቆጥባል፣ ነገር ግን አንዱ እስር ከአሥር ነጠላ ስንጥሮች ጋር እኩል መሆኑን በትክክል የሚያሳምናቸው የገዛ እጃቸው ሥራ ስለሆነ አልመክረውም። ከዚያም በወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ ተሰምሮ ሦስቱ እስሮች በግራ በአሥር ቤት፣ አራቱ ነጠላዎች በቀኝ በአንድ ቤት ይቀመጣሉ፤ ቁጥሩም ከሥራቸው ይጻፋል።

ቀጥሎ ስድስት ስንጥር ይጨመራል። የአንድ ቤቱ አሥር ሲሞላ ታስሮ ወደ አሥር ቤት ይሻገራል፣ ባዶ በቀረው ቤትም 0 ይጻፋል። እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም፤ በግዕዝ አኃዝ አርባ ፵ የሚል የራሱ ምልክት ስላለው ዜሮ አያሻውም፣ በዚህኛው አጻጻፍ ግን 0 ከተተወ 40 ወደ 4 እንደሚለወጥ ልጆቹ በዓይናቸው ሊያዩት ይገባል።

የመቶ ቤት የሚመጣው አሥሩ እስሮች በአንድነት ሲታሰሩ ነው። «መቶ አምስት» ሲባሉ እንደሰሙት 1005 ብለው ለሚጽፉ ልጆች፣ 100 የተጻፈበት ካርድ ላይ 5 የተጻፈበትን ትንሽ ካርድ በመጨረሻው ዜሮ ላይ ደርበው እንዲያነቡ ማድረግ ይረዳል።